ለአባቴ ሽማግሌ የላከው ዩኒቨርሲቲ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ሶስና ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቅና «አያዬ፣ ተቀበሉኝ! ተቀበሉኝ!» እያለች ሳሎኑን አመሰችው። መነጽሬን ፈልጌ እስካገኝ እንኳ ትዕግሥት የላትም። ደብዳቤው ከአንድ ትልቅ ከተማ ዩኒቨርሲቲ የመጣ ነው፤ ሁለተኛ ዲግሪ፣ ያውም ምህንድስና። ደስ አለኝ፣ ግንባሯን ሳምኳት። ከዚያ ዓይኔ የመጀመሪያው መስመር ላይ አረፈ። «ውድ ሚስ ተካ» ይላል። ተካ ማለት እኔ ነኝ! ፓስፖርቷ ላይ በሦስተኛ ደረጃ የተጻፈውን የአያቷን ስም የቤተሰብ ስም አድርገው ወስደውት፣ ልጅቷን በእኔ ስም ጠርተዋታል። ሳቄ አመለጠኝ፤ ስቄ ስቄ መጨረሻ ላይ እንባዬ መጣ። «ምን ሆነሃል? ምኑ ነው የሚያስቅህ?» አለችኝ ደንግጣ። ቁጭ በይ ልንገርሽ ብዬ ስጀምር፣ «አያዬ፣ መኪና ጠርቻለሁ፣ ውጭ ቆሟል፣ ስመለስ ትነግረኛለህ» ብላ ወጣች። ስትመለስ አልጠየቀችኝም። እኔ ደግሞ አንዴ ከጀመርኩ ማን ያቆመኛል፤ ለእሷ የጀመርኩትን ለእናንተ ልጨርሰው።

አባቴ አቶ ሳህሌ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ሱቃቸው ከፒያሳ ወደ አትክልት ተራ በሚያወርደው ቁልቁለት ላይ፣ በአንድ አርመን ሰዓት ሠሪና በሐጂ ሙዘይን የጨርቅ መደብር መካከል ተሸጉጣ ነበረች። ባለፈው ወር ሄጄ ነበር። ሱቋ የነበረችበትን ቦታ በእርምጃ ልለካ ብል መነሻ የምትሆነኝ አንዲት ግድግዳ አጣሁ። ዕድሜዬን ሙሉ መሬት ስለካ ኖሬ ያደግሁበትን ደጅ ማግኘት አቃተኝ። መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ ያምራል፣ አበባውም ያምራል፤ አልዋሽም። ወዲያ ወዲህ ስል ያየኝ አንድ ወጣት ጥበቃ «አባት፣ ምን ጠፋብዎት?» አለኝ። «ሱቅ» አልኩት። «ሱቅማ እዚያ ማዶ አለ» ብሎ ውሃና ማስቲካ ወደምትሸጥ ልጅ ጠቆመኝ። ልጁ ምን ያድርግ፣ ውሃ ገዝቼ ተመለስኩ።

በዚያን ጊዜ እኮ ያ ቁልቁለት በጠረኑ ብቻ ይታወቅ ነበር። ከላይ ከኬክ ቤቶቹ የሚወጣው የቫኒላ ሽታ፣ ከታች ከአትክልት ተራ የሚመጣው የሽንኩርትና የድንብላል ሽታ፣ መሐል ላይ ደግሞ የአባቴ የከሰል ካውያ እርጥብ ጨርቅ ላይ ሲያርፍ የሚተነው የሱፍ ሽታ። እስከ ዛሬ ዝናብ የመታው ካፖርት ሲሸተኝ ዞር እላለሁ። ማኪያቶ በስሙኒ ነው። ሲኒማ ከታች ለመቀመጥ ሽልንግ ይበቃል፤ ሽልንጓ ከሌለች ደግሞ የሙዚቃ ቤቱ ደጃፍ ቆሞ በድምፅ ማጉያው የሚለቀቀውን ሳክስፎን በነፃ መስማት ነው። የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ ሱሪውን ያስጠብባል፣ ጫማውን ያሾላል። አባቴ ሱሪ ማጥበብ አይወዱም። «ይሄን ለብሰህ እንዴት ትቀመጣለህ?» ይሉታል ደንበኛውን። «ጋሼ፣ ማን ይቀመጣል፣ ፒያሳ እኮ የሚዞሩባት እንጂ የሚቀመጡባት አይደለችም» ይላቸዋል። እያጉረመረሙ ያጠቡለታል፤ ግን ሲያድግ ይፈታዋል ብለው ውስጡን ጨርቅ ያስተርፉለት ነበር።

አባቴ ከጉራጌ አገር በልጅነታቸው መጥተው አንድ ጣሊያን ልብስ ሰፊ ዘንድ ቁልፍ በመትከል ነው የጀመሩት። ጣሊያንኛ መናገርም ማንበብም ይቀናቸዋል፣ ዳዊት ይደግማሉ፣ እንግሊዝኛ ግን አንድም ቃል አያውቁም። በየዓመቱ መስቀል ሲደርስ ሱቁን ይዘጋሉ፣ እኔንና እናቴን ይዘው አገር ቤት ይወርዳሉ። ማንኛውንም የዓለም ክፍል የሚመዝኑትም በዚሁ ነው። ስለ አንድ አገር ሲወራ ሰምተው ሰምተው «ለመሆኑ ከዚያ ለመስቀል መምጣት ይቻላል?» ብለው ይጠይቃሉ። የማይቻል ከሆነ ወሬው እዚያ ላይ ያበቃል።

እኔ አንድ ልጃቸው ነኝ። አምስት ኪሎ ምህንድስና ተምሬ ጨረስኩና አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀጠርኩ። ሁለት ዓመት እንደ ሠራሁ ውጭ አገር ሄዶ ሁለተኛ ዲግሪ የመማር ዕድል መጣልኝ። መሥሪያ ቤቱ ወጪውን ይችላል፤ የት እንደምማር መምረጡ ግን ለእኔ የተተወ ነበር። ሁለት ቦታ አመለከትኩ። አንደኛው ለንደን ነው። ሁለተኛው አሜሪካ ውስጥ፣ በበቆሎ እርሻ መሐል ያለች አንዲት ሚጢጢ ከተማ፤ በግድብ ሥራ ትምህርቷ ግን ስሟ የተጠራ። ጓደኞቼ «ለበቆሎማ ምን አሜሪካ አስኬደህ፣ ወንዝ ዳር ውረድ» እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

ልቤ ያለው ለንደን ነው። እንዴት ሆኖ እንደነበር ልንገራችሁ። ክረምት ሲገባ ከጊዮርጊስ በላይ የሚሰበሰበው ውሃ በእኛ ቁልቁለት ላይ ይለቀቃል። ሰኔና ሐምሌ አባቴ ጨርቁን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ቆልለው፣ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው፣ በመጥረጊያ ከጎርፍ ጋር ግብግብ ይይዛሉ። ውሃው የሰው ነጠላ ጫማ፣ ጣውላ፣ አንዴማ ሙሉ ወንበር ይዞ ያልፋል፤ ወርዶ ወርዶ የአትክልት ነጋዴውን ቲማቲም ጠርጎ ይሄዳል። እኔ ከልጅነቴ ያ ውሃ ከመንገዱ ሥር ቢገባ እያልኩ ነው ያደግሁት። ስለ ግድብ መማር ክቡር ነገር ነው፤ ውሃ መያዝ ያስተምራል። እኔ ግን ውሃን በሰው ደጅ ሳያልፍ እንዴት እንደሚያሰናብቱት ነበር ማወቅ የምፈልገው። ያ ሁሉ ሚሊዮን ሕዝብ ታጥቦ፣ አብስሎ፣ ዓመቱን ሙሉ ዝናብ ዘንቦበት፣ ውሃው የት ይገባል? ይሄን በቆሎ መሐል ቁጭ ብሎ መማር አይቻልም። ትልቅ ከተማ ገብቶ፣ መንገዱ ሥር ወርዶ ማየት ነው። ዳንስ ቤቱም አላጓጓኝም ብል ውሸት ነው፤ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር።

እንግዲህ ነገሩ የተበላሸው ከማመልከቻው ቅጽ ነው። የለንደኑን ቅጽ ራሴ ነበርኩ የሞላሁት። «የቤተሰብ ስም» የሚል ቦታ አለ። የቤተሰብ ስም የት አለን? ትንሽ አሰብኩና «ሳህሌ» ብዬ ሞላሁ። የአሜሪካውን ደግሞ የመሥሪያ ቤታችን ታይፒስት ሞላችልኝ፤ እሷ መዝገብ ቤት እንደለመደችው «ተካ» ብላ ጻፈች። አድራሻው ለሁለቱም አንድ ነው፦ አባቴና ሐጂ ሙዘይን በጋራ የተከራዩት የፖስታ ሳጥን። ቁልፉ ሁልጊዜ በአባቴ ኪስ ነው፣ ከመቀሱ ጋር።

ከፋሲካ በኋላ አሜሪካኖቹ ተቀብለንሃል ብለው ጻፉልኝ። አባቴ ፖስታውን አምጥተው ሳይከፍቱ ሰጡኝ። ከለንደን ግን ምንም የለም። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ አንድ ወር። በየቀኑ «አባባ፣ ደብዳቤ የለም?» እላለሁ። «ለአንተ የመጣ የለም» ይሉኛል። የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ አቶ በላይነህ ደግሞ ሰኔ ሳያልቅ የመረጥኩትን እንድፈርም ቀጥረውኛል። እንቅልፍ አጣሁ። ለንደን አልፈለገኝም ማለት ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት፤ ሆዴ ግን እምቢ አለ።

አባቴ በዚያ ሰሞን ሁኔታቸው ሁሉ ተለወጠብኝ። ያፏጫሉ። በሥራ ቀን ከረባት ያስራሉ። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ሱቅ ጎራ ብል፣ ኮት እየተኮሱ ድንገት ጠየቁኝ።

«ተካ፣ እነዚህ እንግሊዞች እንዴት ያሉ ሰዎች ናቸው?»

«ምን አውቃለሁ አባባ፣ ሰዎች ናቸው።»

«ሥርዓት ያውቃሉ ይባላል።»

«ይባላል።»

«አሜሪካኖቹ ግን…» አሉ ካውያውን አንሥተው ከሰሉን እፍ እያሉ፣ «ቀጥታ ለአንተ ነው የጻፉት። አባት እንደሌለው ሰው።»

ለእኔ ቁጣ መሰለኝ። መሄዴን ያልወደዱት መሰለኝ። ወጥቼ ሄድኩ፤ በማግሥቱ ዓርብ ቢሮ ገብቼ ለበቆሎዋ ከተማ ፈረምኩ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቤት ስገባ ሳሎኑ በሰው ሞልቷል። ሐጂ ሙዘይን የክት ልብሳቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል። የአባቴ የነፍስ አባት አሉ። ከአገር ቤት የመጡ ሁለት ዘመዶቻችን አሉ። ከጓሮ ያለውን ክፍል የተከራየችን እትዬ ራሔልም ጥግ ላይ ተቀምጣለች። እሷ የሴቶች ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ አስተማሪ ናት፤ ጴንጤ ስለሆነች ጠላ አትቀምስም፣ ውሸትም አትወድም፤ እናቴ በሁለቱም ትተቻት ነበር። ሰው የሞተ መስሎኝ ክው አልኩ። አባቴ ግን ፊታቸው በርቷል፤ ለራሳቸው የሰፉትን ጥቁር ግራጫ ሙሉ ልብስ ለብሰዋል።

«ቁጭ በል» አሉኝ። ከዚያ ወደ ሰዎቹ ዞሩ። «ወገኖቼ፣ የጠራኋችሁ ለደግ ነው። ልጄን ከሩቅ አገር ጠይቀውኛል።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለት ወር በፊት «ሚስተር ሳህሌ» የሚል ፖስታ ከሳጥኑ ያገኛሉ። ሚስተር ሳህሌ እሳቸው ናቸው፤ ሌላ ማን አለ? ፖስታ ቤቱ አጠገብ በጥላ ሥር ታይፕ ይዞ ለሰው ማመልከቻ የሚጽፍ፣ ከረባቱን ከአንገቱ የማያወልቅ፣ ሰፈሩ «ሚኒስትሩ» የሚለው ሰው ነበር። እሱ ዘንድ ይወስዱታል። ሚኒስትሩ አንብቦ «ፋዘር፣ ከለንደን ነው የላኩልዎት። ውድ አቶ ሳህሌ ይላል። ለምህንድስና ትምህርት ቦታ ይዘናል፣ መስማማትዎን ይግለጹልን ይላል» ይላቸዋል። አባቴ ወዲያው ገባቸው። ማለቴ፣ በገባቸው መንገድ ገባቸው። ልጁን ከመውሰዳቸው በፊት አባቱን እየጠየቁ ነው! እንዲህ ያለ ጨዋነት ከፈረንጅ ጠብቀው አያውቁም።

እንግዲህ ሽማግሌ ተልኮ ልጅ ሲጠየቅ፣ በመጀመሪያው ቀን «እሺ» የሚል አባት በእኛ ዘንድ የለም። እሺ ካለ ልጁ ከቤት የከበደው ይመስላል። «ዘመድ እናማክር» ብሎ መመለስ ነው ደንቡ። ጠያቂውም አይቀየምም፤ ዳግመኛ መምጣት እንዳለበት ያውቃልና። ነገሩ እስኪቆረጥ ድረስ ደግሞ ለልጅቷ አይነገራትም፤ ልቧ እንዳይሸፍት ነው። እኔ ሙሽራ መሆኔን ሳላውቅ ነው ለካ የከረምኩት! አባቴ እዚያው ቆመው ሚኒስትሩን በእንግሊዝኛ መልስ አስመቱት፦ «የተከበራችሁ ሆይ፣ ጥያቄያችሁ ደርሶናል። ያለን ልጅ አንድ ነው። ዘመድ ማማከር ይኖርብናል። እናንተም መክራችሁ ዳግመኛ ጠይቁን። ሳህሌ።»

«እነሆ» አሉ አባቴ ከደረት ኪሳቸው አዲስ ፖስታ እየመዘዙ፣ «ዳግመኛ ጠየቁ። ራሔል፣ አንቺ በደንብ አንብቢልን።»

እትዬ ራሔል ተቀብላ ገለጠችው። «ውድ አቶ ሳህሌ» አለችና ቆመች። ቀና ብላ አየችኝ። እኔም አየኋት። ለሁለታችንም በአንድ ጊዜ ገባን። ጉሮሮዋን ጠርጋ ቀጠለች። «የጻፉልን ደርሶናል። ከቤተሰብዎ ጋር መምከር እንደሚፈልጉ እንረዳለን። ቦታውን ይዘን እንጠብቃለን። ውሳኔዎን በአንድ ወር ውስጥ ቢያሳውቁን ደስ ይለናል።»

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ ሐጂ ሙዘይን ጭናቸውን መታ አድርገው። «የሰው ልጆች ናቸው ወላሂ!» እናቴ ከጓዳ እልልታዋን ለቀቀችው። የነፍስ አባታችን መስቀላቸውን አወጡ።

እኔ ግን ዓርብ የፈረምኩት ወረቀት ብቻ ነበር የሚታየኝ። ለንደን ለሁለት ወር እጇን ዘርግታ ስትጠብቀኝ፣ ደብዳቤው ከመቀሱ ጋር አንድ ኪስ ውስጥ ተቀምጦ! ደሜ ፈላ። የሰው ብዛት አላየሁም፣ የአባቴን ፊት አላየሁም።

«አባባ፣ ምንድን ነው ያደረጉት? እኔ ዓርብ ለአሜሪካ ፈርሜያለሁ! ደብዳቤው ለእርስዎ አይደለም እኮ!»

«እንዴት ለእኔ አይደለም? ሳህሌ ይላል።»

«እኔን ነው! ፈረንጅ ሰውን በአባቱ ስም ነው የሚጠራው። ማንም እርስዎን አልጠየቀም። ማንም እርስዎን አያውቅዎትም። መኖርዎንም አያውቁም!»

የእናቴ እልልታ መሐል ላይ ተቋረጠ። ሐጂ ሙዘይን «አንተ ልጅ፣ አፍህን ሰብስብ» አሉኝ በቀስታ፤ ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። አባቴ ከእትዬ ራሔል እጅ ወረቀቱን ተቀበሉ፣ በመጣበት እጥፋት መልሰው አጣጠፉት፣ ኪሳቸው ከተቱት። ከዚያ ወደ ጓዳ ዞረው «ምሳ አቅርቡ እንጂ፣ ሰው ተራበ» አሉ። እንግዶቹ በሉ። አባቴም አብረው በሉ። እኔ ብቻ ነበርኩ ያልበላሁት።

ሰኞ ጠዋት ቢሮ ገብቼ እንደተቀመጥኩ ኮሪደሩ ላይ ድምፃቸውን ሰማሁ። ያን ጥቁር ግራጫ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው፣ «የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ የት ናቸው?» እያሉ ይጠይቃሉ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አቶ በላይነህ በራቸው ክፍት ነበር፤ ጸሐፊዎቹም፣ ተላላኪዎቹም፣ እኔም ሁሉንም ሰማን።

«ጌታዬ፣ የተካ አባት ነኝ። ልጄ ዓርብ ፈረመ አሉኝ። ፊርማው ይቅርልኝ ብዬ ነው የመጣሁት።»

«አባቴ፣ የፈረመ ፈረመ ነው። ደንብ ነው።»

«ደንብማ እኔም አለኝ። የለንደን ሰዎች ልጄን ሁለት ጊዜ ጠየቁኝ። መጀመሪያ ሲጠይቁ እንደ ሥርዓቱ መለስኳቸው። አልተቀየሙም፣ ዳግመኛ መጡ። አሁን ልጁ ሌላ ቤት ገባ ቢባል እኔ ምን እባላለሁ? አንዷን ልጅ ለሁለት ቤት የሰጠ አባት አልባልም?»

ታይፕ የሚመቱት ልጆች አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ይንፈቀፈቃሉ። አንዱ «ሙሽራው ማን ነው?» ሲል ሰማሁት። አቶ በላይነህ ግን አልሳቁም። ሸምገል ያሉ፣ ወግ የሚያውቁ ሰው ናቸው። ደብዳቤዎቹን ተቀብለው አነበቡ፤ ሁለት ጊዜ አነበቡ። ቀና ብለው አባቴን ረጅም ጊዜ አዩዋቸው። «እኔም ሴት ልጅ ድሬያለሁ» አሉ። «ሁለት ጊዜ ከተጠየቁማ እምቢ ማለት ነውር ነው።» ከዚያ መሳቢያቸውን ሳቡ። የእኔ ወረቀት እዚያው ነበር፤ ማኅተም የሚይዙት ሰውዬ ዘመድ ሞቶባቸው ለቅሶ ሄደው ስለነበር ማኅተም አላረፈበትም። አቶ በላይነህ ወረቀቱን ለሁለት ቀደዱት። ተጠራሁ፣ ገባሁ፣ አዲስ ወረቀት ላይ ፈረምኩ። አባቴ ባርኔጣቸውን ደፍተው እጅ ነሥተው ወጡ።

መስከረም ላይ ለንደን ገባሁ። ስለ ለንደን ያወራሁ እንደሆነ አናበቃም። በመጀመሪያው ወር አንድ ቀጭን ሽማግሌ ፕሮፌሰር እኛን አዲሶቹን ተማሪዎች ረጅም የጎማ ጫማ አልብሰው በአንድ የብረት ክዳን ከመንገዱ ሥር አወረዱን። ከላያችን አውቶቡሱ ይንጎማለላል፣ እኛ ከሥር በጡብ በተሠራ፣ ሰው ቆሞ በሚሄድበት ዋሻ ውስጥ እንጓዛለን። የከተማው ውሃ ሁሉ በእግራችን መሐል ሥርዓት ይዞ ይወርዳል። ያ ሽታ ደስ ያሰኘው ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ያን ቀን ስመርጥ እንዳልተሳሳትኩ አወቅሁ። በኋላ ወደ አገሬ ተመልሼ፣ ስንት ሰፈር የቀበርኩት ቱቦ ዛሬም ድረስ ይሠራል፤ ማንም አያየውም፣ እኔም እንዲታይ አልፈልግም።

ከዋሻው እንደወጣን ፕሮፌሰሩ ስሜን ጠየቁኝ። ስነግራቸው ቆም አሉ። «ሳህሌ? ዳግመኛ ጠይቁኝ ያልከን አንተ ነህ?» አሉኝ። ቢሯቸው ወስደው መዝገቤን ገለጡ። ሚኒስትሩ የመታት ወረቀት፣ ከነአባቴ ፊርማ፣ እዚያ ውስጥ አለች። ኮሚቴው ፊት ስትነበብ አንዱ «ይሄ ሰው አይፈልገንም፣ ቦታውን ለሌላ እንስጥ» ብሎ ነበር አሉኝ። እሳቸው ናቸው «እንደገና ጻፉ» ያሉት። እኔ እያፈርኩ ነገሩን ከሥሩ አስረዳኋቸው። ይስቃሉ ብዬ ስጠብቅ መነጽራቸውን አወለቁ። «ታዲያ አባትህ በእኛ ምን ተሰማቸው?» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ባገኙኝ ቁጥር በእንግሊዝኛቸው «አቶ ሳህሌ ደህና ናቸው?» ሳይሉኝ አያልፉም።

ለአባቴ ጻፍኩ። ሦስት ገጽ ሳይሆን አይቀርም። ያን እሑድ ያልኩት ሁሉ ስህተት ነበር፣ ያውቁዎታል፣ ደብዳቤዎን አስቀምጠውታል፣ ጤናዎን ይጠይቃሉ፣ ይቅር ይበሉኝ አልኩ። መልሱ በራሳቸው እጅ ጽሑፍ መጣ። ሐጂ ሙዘይን ጨርቅ እንዳስወደዱ፣ ክረምቱ እንደከበደ፣ እናቴ ጉልበቷን እንዳመማት ዘረዘሩና መጨረሻ ላይ እንዲህ አሉ፦ «ስላልከው ነገር፣ እኔ ያን ዕለትም አላመንኩህም። የማያውቀኝ ሰው ሁለት ጊዜ አይጠይቀኝም። ለፕሮፌሰሩ ሰላምታ አቅርብልኝ።» አንብቤ ሳቅሁ፣ ተገላገልኩ። አባቴ ናቸው፣ ያመኑትን ማን ይነቀንቃቸዋል አልኩ። ስንት ዓመት ይሄን ወሬ ለወዳጅ እያወራሁ ስንቱን አሳቅሁበት።

አባቴ ያረፉት እኔ ተመልሼ፣ አግብቼ፣ ወልጄ፣ ፀጉሬ ሲሸብት ነው። በሠልስታቸው ድንኳን ውስጥ እትዬ ራሔል አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። እሷም አርጅታለች። እኔ ለአጽናኞቼ ያንኑ የለንደን ወሬ እያወራሁ ነበር፤ ሰው ሁሉ በለቅሶ መሐል ይስቃል። እሷ አልሳቀችም። ሰዉ ገለል ሲል እጄን ያዘች።

«ተካ፣ ይሄን ነገር እንደዚያ ማውራት ተው።»

«ለምን እትዬ ራሔል?»

«ያን ሰኞ በማለዳ አባትህ በሬን አንኳኩ። ለብሰው ጨርሰዋል። ‹ራሔል፣ አንቺ አትዋሺም፤ ልጁ ያለው እውነት ነው?› አሉኝ። እውነት ነው አልኳቸው። ‹እንግዲያው እንዳልሰማሁ ሆኜ ልሂድ› አሉኝ። ‹ቢሮ ሲገባ የተጠየቀ አባት ነው የሚደመጠው፤ ማንም ያልጠየቀው አባት ምን ብሎ ይናገራል?› ከረባታቸውን አስተካከልኩላቸው። ሄዱ።»

አባቴ እንደሚስቁባቸው እያወቁ ነው የገቡት። አንድ በአንድ የተናገሩት ሁሉ ለእኔ ነው፣ ቃሉንም የመረጡት እዚያው ቁልቁለቱን ሲወጡ ይሆናል። እኔ ደግሞ ያን ሰኞ፣ ገና ኮሪደሩ ላይ ሳሉ አንዱ ጸሐፊ ወደ እሳቸው እየጠቆመ «ታውቃቸዋለህ?» ሲለኝ፣ «አላውቃቸውም» ብዬ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ነበር።